ፒካፑ ከመቀየሩ በፊት ስዊቹ ይፈተሽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣ በቅርቡ በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ያላቸው ሰዎች መሣሪያቸውን እንዴት መያዝ እንዳለባቸው የሚመክር ጽሑፍ አውጥታችሁ አንብቤአለሁ። ስለ ክር አለዋወጥና ስለ አንገቱ አያያዝ የተባለው ደህና ነው፤ እኔም የምጨምርበት የለኝም። ጽሑፉ ወደ መጨረሻው ግን የትኛው ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አካል) እንደሚሰማ የሚወስነው የጊታሩ መምረጫ ስዊች በመካከለኛ ቦታዎች ላይ ሲቆም ድምፁ ከቀጠነ ወይም ከጠፋ ፒካፑ ተቃጥሏልና በአዲስ መለወጥ አለበት የሚል ምክር አስፍሯል። ይህ ምክር ስህተት ነው፤ ያውም የሰው ኪስ ውስጥ የሚገባ ስህተት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በራዲዮና በቴፕ ጥገና ጀምሬ፣ ቴፕ ሲቀር ወደ አምፕሊፋየርና ወደ ሙዚቃ መሣሪያ የዞርኩ ጠጋኝ ነኝ። የጊታር ሥራ የሚበዛብኝ በዐቢይ ጾም ነው። ሰርግ ስለማይኖር ከደብረ ሲናም ከሸዋ ሮቢትም የባንድ ልጆች የተበላሸባቸውን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ፤ ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም ዛሬውኑ ካልደረሰልኝ ይላል። በእነዚህ ጊዜያት «ፒካፑ ሞቷል» ተብሎ የመጣልኝ ጊታር ብዙ ነው፤ ከፍቼ ስለካው ፒካፑ እውነትም ሞቶ ያገኘሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው ሁሉ ጥፋቱ ስዊቹ፣ ጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ወይም በመካከል ያለ ብየዳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ፒካፕ ማለት ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ የሚያመነጨውም ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በራሱ ጉልበት ራሱን የሚያቃጥልበት መንገድ የለም። ሽቦው በዝገት ወይም በመመታት ሊበጠስ ይችላል፤ ይህ አልፎ አልፎ ይደርሳል። ስዊቹ ግን በአንድ ሰርግ ላይ ብቻ ስንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንደሚባል ጊታሪስቱ ራሱ አይቆጥረውም፤ በድንኳን አቧራ ላይ የእጅ ላብ ይጨመርበታል፤ እግሮቹም ሰባትና ስምንት ቦታ በእጅ የተበየዱ ናቸው። ከሁለቱ ቀድሞ የሚታመመው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም።

አንዱን አጋጣሚ በዝርዝር ልጻፍላችሁ። ባለፈው ጾም ከመሐል ሜዳ አንድ ወጣት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጊታር ታቅፎ መጣ። ሦስት ፒካፕና ባለ አምስት ቦታ ስዊች ያለው፣ ስትራቶካስተር የተባለውን የአሜሪካ ጊታር ቅርጽ ተከትሎ የተሠራ፣ ዋጋው መለስተኛ የሆነ ጊታር ነው። የመካከለኛው ፒካፕ ድምፅ ጠፍቶበት አዲስ አበባ ወስዶ ሲያሳይ፣ ያየለት ባለሙያ ፒካፑ ተቃጥሏል ብሎ አዲስ ገጥሞለታል። ልጁ ገንዘቡን ከፍሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ መካከለኛው ፒካፕ ለሁለት ሰርግ ያህል ሠርቶ እንደገና ጠፋ። በሠራባቸውም ቀናት ቢሆን ስዊቹ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ሲቆም ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ቀጥኖ፣ ወፍራሙ ክር እንኳን አልሰማ ይል ነበር። «ጋሼ፣ ይሄኛውም ተቃጥሏል መሰለኝ፤ ሌላ ይፈልጉልኝ» አለኝ።

ጊታሩን ሳልፈታ ኬብሉን ሰክቼ የኬብሉን ሌላኛ ጫፍ በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለካሁ። ይህን ሲያደርጉ ቮሊዩሙ እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት። ስዊቹ ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ከታች በኩል ወደሚያርፉበት ብረት) ሲያዘነብል ቴስተሩ 5.8 ኪሎ ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚገታበት ልክ) አነበበ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሁለት ፒካፖች ጎን ለጎን ስለሚገናኙ ንባቡ ወደ ግማሹ፣ 3 ኪሎ ኦም ግድም መውረድ ነበረበት፤ እሱ ግን ያው 5.8 ላይ ቀረ። ሦስተኛው ቦታ ላይ፣ ማለትም መካከለኛው ፒካፕ ለብቻው መሰማት ባለበት ቦታ፣ ወደ 250 ኪሎ ኦም ዘለለ። ይህ የፒካፕ ልክ አይደለም፤ የቮሊዩሙ የራሱ ልክ ነው። ፒካፑ ከመንገዱ ሲወጣ ቴስተሩ የሚያየው ቮሊዩሙን ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያነባል። አራተኛውና አምስተኛው ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱም ጊዜ 5.7 አሳየ። ስለዚህ ክዳኑን ገና ሳልከፍት ማወቅ የቻልኩት መካከለኛው ፒካፕ መስመሩን አለማግኘቱን ነው። መስመር አላገኘም ማለትና ተቃጥሏል ማለት ግን ለየቅል ናቸው፤ ጽሑፋችሁ ያምታታውም ይህንኑ ነው።

ክዳኑን ከፍቼ የመካከለኛውን ፒካፕ ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ስለካ 6.1 አነበበ፤ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የተገኘው ስዊቹ ላይ ነበር። የመካከለኛው ፒካፕ ሽቦ የተበየደበት እግር ላይ ያለው እርሳስ እንደ አመድ ግራጫና ጎርበጥባጣ ሆኖ፣ ሽቦውን በመፋቂያ ጫፍ ነካ ሳደርገው በእርሳሱ ውስጥ እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ። ልጁ የመጀመሪያውን ፒካፕ አልጣለውም ነበርና በፌስታል ቋጥሮ ከጊታሩ ጋር አምጥቶታል። እሱንም ለካሁት፤ 5.9። ልጁ ቴስተሩን አይቶ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ይህ የመጀመሪያው ጥፋት ነበር። ሁለተኛው፣ የድምፁ መቅጠን፣ ከመጀመሪያው የተለየና ከጽሑፋችሁ ጋር ይበልጥ የሚያያዝ ነው። ሁለት ፒካፖች አብረው ሲሠሩ ክሩ ሲንቀጠቀጥ ከሁለቱም የሚወጣው ምልክት በአንድ አቅጣጫ መጓዝ አለበት። የአንደኛው ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ከተበየዱ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባልና የሚመሳሰሉበትን ያህል ይጠፋፋሉ፤ በመጀመሪያ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። አዲሱ ፒካፕ የተገጠመው እንዲህ ተገላብጦ ነበር። ይህን ለማረጋገጥ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ የካቻቢቴውን ብረት ከፒካፑ ላይ አስጠግቼ ቶሎ አነሳዋለሁ፤ ንባቡ ለቅጽበት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ሦስቱም ፒካፖች ብረቱ ሲነሳ ወደ አንድ አቅጣጫ ማለት አለባቸው። መርፌ ያለው አሮጌ ቴስተሬ ለዚህ ሥራ ከዲጂታሉ ይበልጥብኛል፤ መርፌው ሲዘል በዐይን ይታያል። የብሪጁና የአንገቱ ወደ ላይ ሲሉ መካከለኛው ወደ ታች አለ። ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጥኳቸው፤ ጠፍቶ የነበረው ወፍራም ድምፅ እዚያው ተመለሰ።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሽቦ ማለዋወጡ የሚሠራው የፕላስቲክ ሽፋን ባላቸው ፒካፖች ላይ ነው። ቴሌካስተር እንደተባለው ጊታር የአንገት ፒካፕ የብረት ሽፋን ያለው ከሆነ፣ ሽፋኑን ከግራውንድ (ከመሬት መስመር) ሽቦው ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሽቦ አስቀድሞ ተቆርጦ በራሱ ሽቦ ወደ ግራውንድ ካልተመራ፣ ሽፋኑ የምልክቱ አካል ሆኖ እጅ በነካው ቁጥር ይጮኻል።

እዚህ ላይ የአንባቢም የጠጋኝም ግራ መጋባት ከየት እንደሚመጣ መናገር ያስፈልጋል። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ስትራቶካስተርን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲያወጣ ስዊቹ ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው፤ እያንዳንዱ ቦታም አንድ አንድ ፒካፕ ያሰማ ነበር። ተጫዋቾች ግን ስዊቹን በሁለት ቦታዎች መካከል ሰንቅረው ሲያቆሙት ሁለት ፒካፕ በአንድ ጊዜ እንደሚሰማና ድምፁም ለየት ብሎ እንደሚያምር ደረሱበት። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1977 ባለ አምስት ቦታ ስዊች መግጠም የጀመረው ይህን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ድምፁ ከሌሎቹ ትንሽ ለስለስና ቀለል ቢል የተፈጥሮው ነው፤ እንዲያውም ብዙ ጊታሪስቶቻችን ትዝታን በዝግታ ሲጫወቱ የሚመርጡት እነዚህን ቦታዎች ነው። ለስላሳነትና መቅጠን በጆሮ ይለያሉ፦ ጤነኛው ላይ ወፍራሙ ክር በቦታው አለ፤ የተገላበጠው ላይ የለም። ጽሑፋችሁ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሁለቱንም ፒካፕ መቃጠል ብሏቸዋል።

በብዙ ጊታሮች ላይ መካከለኛው ፒካፕ ሆን ተብሎ ጥምጥሙም ማግኔቱም ተገላብጦ ይሠራል። ሁለቱም ስለሚገላበጡ የክሩ ምልክት ከሌሎቹ ጋር ይስማማል፤ ከመብራት መስመሩ የሚገባው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ግን ማግኔት ስለማያውቅ ይጠፋፋል። ጊታሩ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ቦታ ላይ ጎምጎም እያለ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ጸጥ ካለ ነገሩ ይኸው ነው፤ ደህና ነው ማለት ነው። ጉምጉምታውን ያስወግዳል ተብሎ ከብሪጁ ሥር ያለውን የግራውንድ ሽቦ የሚቆርጡም አጋጥመውኛል። ያንን ሽቦ መቁረጥ ጉምጉምታውን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። የሚቆርጡት ማይክ ሲነኩ ከንፈርን የሚቆነጥጠውን ኤሌክትሪክ ፈርተው ከሆነም፣ መታከም ያለበት ሶኬቱ ላይ ነው፤ አምፕሊፋየሩ መሬት የተሳበለት መስመር ላይ መሰካት አለበት።

አሁን ወደ ስዊቹ አካል ልመለስ፤ ከጽሑፋችሁ ጋር የወጣው ሥዕልም እርማት ያስፈልገዋልና። ባለ አምስት ቦታው ስዊች በውስጡ ሁለት ጎን አለው፤ በእያንዳንዱ ጎን አራት እግሮች አሉ፦ ሦስቱ የየፒካፑ፣ አንዱ የጋራ። በአንደኛው ጎን ፒካፖቹ ሦስቱ እግሮች ላይ ተበይደው የጋራው ወደ ቮሊዩም ይሄዳል፤ በሌላኛው ጎን የድምፁን ቃና የሚለውጡት የቶን ማስተካከያዎቹ ይገባሉ። ተንቀሳቃሹ ምላስ ሰፋ ያለ ስለሆነ በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ሁለት እግሮችን አንድ ላይ ይነካል፤ ሌላ ተአምር የለውም። ሥዕላችሁ ያሳየው ምላሱ በግልጽ የሚታየውን፣ እግሮቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩትን ክፍት ስዊች ነው። በእኛ አገር በብዛት ያሉት ጊታሮች ውስጥ ግን የማገኘው ዝግ ሳጥን የሚመስለውን፣ ስምንቱም እግሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበትን ነው። በዚህኛው ላይ የጋራው እግር የት እንዳለ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሥዕል አይቶ እግር በእግር መበየድ ሰውን ያሳስታል። ቴስተሩን መስመር ሲገናኝ የሚጮኸው ቦታ ላይ አድርጎ ስዊቹን እያንቀሳቀሱ መፈለግ ነው፤ በየጎኑ ካሉት አራቱ መካከል በየቦታው ከሌሎቹ ጋር በተራ የሚገናኘው እግር የጋራው ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድም ስዊች አልበይድም፤ ትናንት የሠራሁትን ዓይነት ቢመስል እንኳን።

ስለ ብየዳው ብዙ አልልም፤ አንድ ሁለት ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በእኛ ከተማ ቀዝቃዛ ብየዳ ሲባል የሰሙ ደንበኞቼ የደብረ ብርሃን ውርጭ ያመጣው እየመሰላቸው ይስቃሉ። ነገሩ ከአየሩ ጋር የሚገናኝ አይደለም። እርሳሱ የቀለጠው በካውያው ብቻ ሆኖ እግሩና ሽቦው በቂ ሙቀት ሳያገኙ ሲቀሩ፣ ወይም እርሳሱ ሳይረጋ ሽቦው ሲነቃነቅ፣ እላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ አይዋሃድም። ለስዊች እግር ባለ 40 ዋት ካውያ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ከዚያ ቢያልፍ ፕላስቲኩ ይለሰልስና እግሩ ያዘነብላል፤ ምላሱም አልነካ ይላል። ቆርቆሮ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን አሲድ ደግሞ ለዚህ ሥራ ማምጣት አይገባም፤ በመጀመሪያ ቀን እርሳሱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ከወራት በኋላ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ይበላል። ውስጡ ሙጫ ያለው የኤሌክትሮኒክስ እርሳስ አለ፤ እሱ ነው የሚፈለገው።

ብየዳው ደህና ሆኖ ስዊቹ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ምላሱ ቆሽሿል ማለት ነው። ለኤሌክትሪክ መገናኛዎች ተብሎ የተሠራው ማጽጃ ተነፍቶበት ስዊቹን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የወጥ ዘይት ጠብ ያደረጉበት ስዊች አጋጥሞኛል፤ ለሳምንት ያህል ደህና ሠርቶ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ለቃቅሞ እንደ ጭቃ ረግቶበታል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም ቅቡን ስለሚልጠው ዝገት ይጠራል።

ጥፋት ሳይሆኑ ጥፋት ተብለው የሚመጡም አሉ። በመጀመሪያው የስትራቶካስተር አሠራር የብሪጁ ፒካፕ ቶን የለውም፤ ቶኑን ቢያዞሩት ምንም አይለወጥም። ይህን ብልሽት ነው ብሎ የቶኑን ማስተካከያ ሦስት ጊዜ ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ። ለብሪጁም ቶን የሚፈልግ በስዊቹ ሁለተኛ ጎን ካለው የመካከለኛው እግር ወደ ብሪጁ እግር አንዲት አጭር ሽቦ ቢያሻግር ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው የጊብሰን ሌስ ፖል ዓይነት ጊታር ላይ ደግሞ ሁለት ቮሊዩም አለ፤ ስዊቹ መካከል ላይ ሆኖ አንዱ ቮሊዩም እስከ ዜሮ ሲዘጋ ሁለቱም ፒካፖች አብረው ይጠፋሉ። የተዘጋው ቮሊዩም መስመሩን በስዊቹ በኩል ወደ ግራውንድ ስለሚያወርደው ነው፤ አሠራሩ እንዲያ ነው፤ አልተበላሸም። ካልወደዱት በሁለቱም ቮሊዩሞች ላይ የፒካፑንና የስዊቹን ሽቦ ቦታ ማለዋወጥ ይቻላል፤ ድምፁ ቮሊዩሙ ሲቀነስ መጠነኛ ለውጥ ያሳያል፣ ሁለቱ ግን ለየብቻ ይታዘዛሉ። እነዚህንም ጽሑፋችሁ ቢጠቅሳቸው ብዙ ሰው ባልተበላሸ ጊታር ከመሐል ሜዳም ከዓለም ከተማም የአውቶቡስ ገንዘብ ባላወጣ ነበር።

ፒካፕ በፍጹም አይሞትም እያልኩ እንዳልሆነ አዘጋጁ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ሽቦዎቹ ከስዊቹ ተነቅለው በቀጥታ ሲለኩ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፤ ያን ጊዜ እኔም አስቀይሩ እላለሁ። አንድ ጥምጥም ያለው ፒካፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም፣ ሁለት ጥምጥም ያለው ደግሞ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ግድም ያነባል፤ ከዚህ የሚበልጡም አሉ። ይህ ልኬት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጠጋኙ ሳይለካ ተቃጥሏል ካለ፣ ባለቤቱ ቴስተሩ ስንት እንዳነበበ የመጠየቅ መብት አለው፤ የተነቀለውን ፒካፕም ይዞ የመሄድ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በመካከለኛ ቦታዎች ላይ የሚታይ የድምፅ መቅጠን ወይም መጥፋት በቅድሚያ የስዊች፣ የብየዳና የሽቦ መገላበጥ ምልክት መሆኑን የሚገልጽ እርማት በዚያው ገጽ ላይ ይውጣልን። ሁለተኛ፣ ሥዕሉ እንደገና የሚታተም ከሆነ የዝጉም ስዊች ሥዕል አብሮ ይግባ፤ የጋራው እግር በቴስተር መፈለግ እንዳለበትም ከሥሩ ይጻፍ። እርማቱ ከፋሲካ በፊት ቢደርስ ይመረጣል፤ የዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ ሲቀርብ ሁሉም ጊታሩን ይዞ የሚሮጠው በዚያው ሰሞን ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
የድምፅና የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ፣
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ